ጨውና የደም ግፊት፦ ለደጋ ማጀት የተዘጋጀ መመሪያ

የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ከጤና ባለሙያ ከሚሰማቸው ምክሮች መካከል ተደጋግሞ የሚነገረው ጨው መቀነስ እንዳለበት የሚያሳስበው ነው። ይሁን እንጂ ጨው በየት በየት በኩል ወደ ገበታ እንደሚገባ፣ ስንት ግራም ሲሆን በዛ እንደሚባልና ቅነሳው ከምን እንደሚጀመር ሳይብራራ ስለሚቀር፣ ምክሩ በብዙ ቤት ከቃል አልፎ ማጀት አይደርስም። በኢንዱስትሪ ለበለጸጉ አገሮች ነዋሪዎች የተጻፉት መመሪያዎችም ችግሩን አይፈቱትም፤ በእነዚያ አገሮች አብዛኛው ጨው የሚገኘው ከፋብሪካ ምግብ በመሆኑ፣ ምክሩ የሚያተኩረው በማሸጊያ ላይ የተጻፈውን አንብቦ በመምረጥ ላይ ነውና።

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በጣርማ በር፣ በደብረ ሲና፣ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ዙሪያ በሚገኝ ቤተሰብ ዘንድ ግን ጨው ወደ ሰውነት የሚገባው በአብዛኛው በቤቱ ሰዎች እጅ ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ይጨመራል፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፤ በንፍሮው፣ በቂጣውና በብዙ ቤት በቡናውም ጭምር ይደገማል። በዚህ ምክንያት የደጋው ሰው ጨው የመቀነስ ዕድሉ ከከተሜው የሰፋ ነው፤ ምክንያቱም ጨውን የሚመጥነው በሩቅ ያለ ፋብሪካ ሳይሆን የቤቱ ባለሙያ እጅ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያ እጅ ምን ያህል፣ መቼና በምን ቅደም ተከተል መቀነስ እንዳለበት ለማሳየት ነው።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው

የደም ግፊት ማለት ልብ የምትረጨው ደም በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ሲሆን፣ የሚለካው በሁለት ቁጥሮች ነው። የላይኛው ቁጥር (ሲስቶሊክ) ልብ ስትኮማተር የሚኖረውን፣ የታችኛው ቁጥር (ዲያስቶሊክ) ደግሞ ልብ በምትላላበት ጊዜ የሚኖረውን ግፊት ያመለክታል። መለኪያው ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይባላል። በተለያዩ ቀናት በትክክል ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ አለዚያም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ሰውየው የደም ግፊት ሕመም እንዳለበት ይቆጠራል። ሕመሙ ለብዙ ዓመታት ምንም ስሜት ሳያሳይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ራስ ምታት አለመኖሩ ግፊቱ ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

የማዕድ ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ ከሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች የተሠራ ሲሆን፣ ግፊትን ከፍ በማድረግ ዋናውን ድርሻ የሚይዘው ሶዲየም ነው። ከጨው ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ሶዲየም በመሆኑ 5 ግራም ጨው 2 ግራም ሶዲየም ይይዛል። ከምግብ ጋር የገባው ሶዲየም ወደ ደም ሲቀላቀል ሰውነት ክምችቱን ለማቅጠን ውሃ ይይዛል፤ ጨው የበዛበት ምግብ የበላ ሰው የሚጠማውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን ሶዲየም ከውሃው ጋር በሽንት ያስወጣል። ኩላሊት በዕድሜ፣ በስኳር ሕመም ወይም በራሱ በደም ግፊቱ ተዳክሞ ሥራው ሲበዛበት ግን በደም ሥሮች ውስጥ ያለው የፈሳሽ መጠን ይጨምራል፣ ልብም ያንን ለመግፋት የበለጠ ትደክማለች። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም የደም ሥሮች ግድግዳ ይደድራል፣ የልብ ጡንቻ ይወፍራል፤ ፍጻሜውም ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ)፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት መድከም ሊሆን ይችላል።

የሁሉም ሰው ሰውነት ለጨው እኩል ምላሽ አይሰጥም። በዕድሜ የገፉ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም ግፊታቸው አስቀድሞ ከፍ ያለ ሰዎች ለጨው ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው፤ ተመሳሳይ መጠን ቢበሉም የእነሱ ግፊት ከሌላው ይልቅ ይጨምራል፣ ሲቀንሱም ከሌላው የበለጠ ይጠቀማሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል፤ ይህም ከአንድ ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) በኢትዮጵያ በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ምክንያቶች አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ግን አማካዩ የቀን ፍጆታ 8.3 ግራም ያህል ነበር። ከፍተኛ የደም ግፊት የተገኘባቸውም ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት ተጠኚዎች 16 በመቶ ገደማ ናቸው። ስለሆነም በአንድ አማካይ ቤት ከሚገባው ጨው ከሲሶ የሚበልጠው መቀነስ ይኖርበታል ማለት ነው። ቅነሳው የሚያስገኘው ጥቅምም ተለክቷል፤ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያጠናቀረና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ትንተና፣ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች በቀን 4.4 ግራም ያህል ጨው ሲቀንሱ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ እንደሚወርድ አሳይቷል። ይህ መጠን ትንሽ መስሎ ቢታይም፣ ከመድኃኒቱ ጋር ሲደመር በስትሮክና በልብ ሕመም የመያዝን ዕድል የሚቀንስ ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ መነሻውን መለካት

ጨው መቀነስ ከመጀመሩ በፊት የታማሚው ግፊት በሁለት ወይም በሦስት የተለያዩ ቀናት ተለክቶ፣ ቀኑና ሁለቱም ቁጥሮች በደብተር ይጻፋሉ፤ መነሻው ካልታወቀ ለውጡ አይታወቅም። ልኬቱ በአቅራቢያው በሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሊከናወን ይችላል፤ የክንድ መለኪያ በቤቱ ያለውም ራሱ መለካት ይችላል።

በደጋ ሲለካ ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ጉምና ብርድ የማይለየው ቦታ ነው፤ ብርድ ደግሞ ከቆዳ ሥር ያሉትን ትናንሽ የደም ሥሮች ስለሚያጠብ ግፊቱን ለጊዜው ከፍ ያደርገዋል። ዳገት መውጣትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በብርድ ውስጥ አቀበት ወጥቶ ጤና ጣቢያ የደረሰ ሰው ወዲያው መለካት የለበትም፤ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ቢያንስ 5 ደቂቃ፣ የድካም ስሜት ካለው ደግሞ ከዚያ በላይ አርፎ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሮቹን ሳያነባብር መሬት አስረግጦ፣ ክንዱን በልቡ ትይዩ አሳርፎ ይለካል። የመለኪያው መጠቅለያ በጋቢ ወይም በሹራብ ላይ አይታሰርም፤ ክንዱ ተገልጦ በቆዳው ላይ ይታሰራል። ከመለካቱ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና መጠጣትና ሲጋራ ማጨስ አይገባም፤ ሽንት ይዞ መለካትም ውጤቱን ያዛባል። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ የሁለቱ አማካይ ይያዛል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ የቤቱን ጨው መቁጠር

አንድ ሰው ምን ያህል ጨው እንደሚበላ በላብራቶሪ የሚታወቀው በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሸናውን ሽንት በመመርመር ነው። ምግቡን እቤቱ አብስሎ የሚበላ ቤተሰብ ግን ያለ ምንም መሣሪያ ለእውነቱ የቀረበ ግምት ማግኘት ይችላል። አንድ ኪሎ ጨው በተከፈተበት ዕለት ቀኑ በፓኬቱ ላይ ይጻፋል፤ ባለቀበት ዕለት ስንት ቀን እንደቆየ ይቆጠራል። ከዚያ 1,000 ግራሙ በቤተሰቡ ቁጥርና በቀኖቹ ብዛት ይካፈላል።

ለምሳሌ አምስት አዋቂዎች ባሉበት ቤት ለእያንዳንዱ 5 ግራም ሲታሰብ የቀኑ ድምር 25 ግራም ስለሚሆን አንድ ኪሎ ጨው 40 ቀን ሊቆይ ይገባል። በ20 ቀን ካለቀ እያንዳንዱ ሰው 10 ግራም፣ ማለትም የተመከረውን እጥፍ እየበላ ነው። አራት ሰዎች ባሉበት ቤት 50 ቀን፣ ስድስት ባሉበት ደግሞ 33 ቀን ገደማ መቆየት አለበት። የሕፃናት መጠን ከአዋቂ ያነሰ በመሆኑ ልጆች በሚበዙበት ቤት ጨው ከዚህም በላይ ሊበረክት ይገባል።

ስሌቱ እንዳይሳሳት ሁለት ነገሮች ይታረማሉ። አንደኛው፣ ለከብትና ለበግ የሚሰጠው፣ ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ወይም ከንፍሮ ውሃ ጋር የሚደፋው ጨው ከሂሳቡ ይቀነሳል። ሁለተኛውና የሚበልጠው፣ በዓመቱ በርበሬና ሽሮ ውስጥ አስቀድሞ የገባው ጨው በሂሳቡ ላይ ይደመራል። የአምስት ሰው ቤተሰብ በዓመት በሚያዘጋጀው በርበሬና ሽሮ ውስጥ 2 ኪሎ ጨው ከጨመረ፣ እያንዳንዱ ሰው በየቀኑ 1 ግራም ያህል ጨው ከወጡ ጨው በተጨማሪ ይመገባል፤ 4 ኪሎ ከገባ ደግሞ ከ2 ግራም በላይ ይሆናል። ይህ ጨው በድስቱ ላይ ሲነሰነስ ስለማይታይ ጨው አላበዛም የሚል ሰው እንኳን ከመጠኑ ሊያልፍ የሚችለው በእሱ ነው።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ከበርበሬና ከሽሮ መጀመር

ቅነሳው ሥር እንዲይዝ መጀመር ያለበት በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ በሚከናወነው የበርበሬና የሽሮ ዝግጅት ላይ ነው። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ተደልዞ፣ ደርቆና ታምሶ ወደ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ጨው ይገባበታል። ሽሮውም ሽምብራው፣ ባቄላው ወይም አተሩ ተቆልቶና ተከክቶ ቅመሙ ሲቀላቀል እንዲሁ ይደረግበታል። በተለይ ምጥን ሽሮ ከበርበሬው የመጣውን ጨው አስቀድሞ የያዘ ስለሆነ፣ ለሽሮው ብቻ ተብሎ ሌላ ጨው ሲጨመርበትና ድስት ላይ ሲደርስ በሦስተኛ ዙር ሲደገም፣ በአንድ ምግብ ውስጥ ጨው ሦስት ጊዜ ይገባል።

የደም ግፊት ያለበት ሰው በሚገኝበት ቤት በርበሬውና ሽሮው ያለ ጨው ቢፈጭ ይመረጣል። ጨው የሚጨመረው ለጣዕም ብቻ ሳይሆን እንዳይነቅዝ ለማቆየትም ነው የሚል ስጋት ሊነሳ ይችላል፤ ነገር ግን በሚገባ የደረቀ፣ የታመሰና እርጥበት በማይገባበት ዕቃ ተከድኖ በደረቅ ቦታ የተቀመጠ በርበሬ ያለ ጨውም ይቆያል። በጉሙና በእርጥበቱ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ማቆየት የሚያስቸግር ከሆነ፣ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ከማስፈጨት በየጥቂት ወሩ እየከፋፈሉ ማስፈጨት ይቻላል። ጨው ጨርሶ መተው የከበደው ቤተሰብ ቢያንስ የሚያስገባውን በኪሎ መዝኖ በግማሽ ይቀንስ፤ የቀረውንም መጠን በደብተሩ ይጻፍ። ከገበያ ተፈጭቶ የሚገዛ በርበሬና ሽሮ ምን ያህል ጨው እንዳለው ስለማይታወቅ፣ በወጡ ላይ ጨው ከመጨመሩ በፊት መቅመስ ግድ ነው።

አራተኛ እርምጃ፦ የወጡን ጨው በማንኪያ መስፈር

ጨው በእፍኝ ወይም በዓይን ግምት ሲጨመር መጠኑ ከቀን ቀን ስለሚለያይ ቅነሳው መሳካቱን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ከጨው ዕቃው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የሻይ ማንኪያ ይቀመጥ፤ የሚጨመረውም በዚያ ማንኪያ አፉ ልክ ተስፍሮ ይሁን። በርበሬው ወይም ሽሮው ጨው ያለው ከሆነ ወጡ በመጀመሪያ ያለ ጨው ይሠራና ሊወጣ ሲል ተቀምሶ፣ ካስፈለገ ብቻ ይጨመራል። ጨው መጨረሻ ላይ ሲገባ ምላስ ቶሎ ስለሚያገኘው በትንሹ ይበቃል።

መጠኑ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተለመደው መጠን ሩብ ያህሉ ይቀነሳል፤ ቤተሰቡ ሲለምድ ሌላ ሩብ ይቀነሳል። ምላስ ጣዕምን የሚለካው በለመደው መጠን በመሆኑ በመጀመሪያ ወጡ ጨው ያነሰው ይመስላል፤ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለትና ሦስት ወራት ባለው ጊዜ ግን የቀድሞው ወጥ ራሱ ጨው የበዛበት ሆኖ ይገኛል። በማዕድ ላይ ጨው ማቅረብና በሥጋ ወይም በእንቁላል ላይ ጨው ያለበት ሚጥሚጣ መጨመርም በዚህ ወቅት ይቆማል።

ቤተሰብ ከአንድ ትሪ ስለሚበላ ለታማሚው ብቻ የተለየ ወጥ መሥራት ብዙ ጊዜ አይዘልቅም፤ ታማሚውንም ከማዕዱ እንደተለየ እንዲሰማው ያደርገዋል። የሚሻለው የመላው ቤት ወጥ ጨው እንዲቀንስ ማድረግ ነው፤ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጨው ያልበዛበት ምግብ ከለመዱ ሲያድጉ ለበሽታው ያላቸው ተጋላጭነት ይቀንሳልና። ይህ ካልተቻለ ግን የታማሚው ድርሻ ጨው ከመጨመሩ በፊት በትንሽ ዕቃ ይወጣለት።

አምስተኛ እርምጃ፦ ከወጥ ውጭ ያሉትን መንገዶች መዝጋት

ቡና በጨው በሚጠጣበት ቤት በጀበናው የሚገባው ጨው ከሂሳብ አይወድቅም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 2.5 ግራም ገደማ ጨው የገባበት ጀበና አምስት ሰዎች ቢጠጡት ለእያንዳንዱ ግማሽ ግራም ይደርሰዋል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ከተፈላ አንድ ግራም፣ ይህም ለቀኑ ከተመከረው አንድ አምስተኛው ይሆናል። ታማሚው ያለ ጨው መጠጣት ካቃተው ስኒውን በጤና አዳም ማሽተት ይቻላል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ጤና አዳም ባትጠቀም ይመረጣል።

የደጋው የዘወትር ምግብ የሆነው የገብስ ቆሎ፣ በሶና የባቄላ ንፍሮ በራሱ ሶዲየሙ በጣም ጥቂት ነው፤ ጨው የሚያገኘው ሲዘጋጅ ነው። ንፍሮ ያለ ጨው ተቀቅሎ በላዩ ላይ ብቻ ትንሽ ቢነሰነስበት፣ በሶም በጨው ውሃ ሳይሆን በንጹሕ ውሃ ቢበጠበጥ፣ የምግቡ ጥቅም ሳይጎድል ጉዳቱ ይቀራል። እንጀራ በተለምዶ ጨው አይገባበትም፤ ዳቦ፣ ቂጣና አምባሻ ግን ይገባባቸዋል፤ ስለዚህ በየዕለቱ ዳቦ የሚበላ ሰው ይህን ይቁጠር። ቋንጣ በጨው የተዘፈዘፈ ስለሆነ ለደም ግፊት ታማሚ የዘወትር ምግብ መሆን የለበትም። ስልጆና አዋዜም በማንኪያ ጫፍ እንጂ እንደ ወጥ አይበሉም።

ከሱቅ ከሚገዙት መካከል የሾርባና የወጥ ማጣፈጫ ኩቦች፣ በፓኬት የሚሸጡ ፈጣን ኑድሎች፣ ቺፕስና በጣሳ የታሸጉ ምግቦች ብዙ ሶዲየም ይይዛሉ። ኩብ የገባበት ወጥ ሌላ ጨው አያስፈልገውም፤ የተሻለው ግን ኩቡን ራሱን መተው ነው። ማሸጊያው የሶዲየምን መጠን በሚሊ ግራም የሚገልጽ ከሆነ በ2.5 ተባዝቶ የጨው መጠን ይገኛል፤ ለምሳሌ 800 ሚሊ ግራም ሶዲየም ማለት 2 ግራም ጨው ነው። ቤኪንግ ሶዳም የሶዲየም ውህድ በመሆኑ ባቄላ ቶሎ እንዲበስል ወይም ቃር እንዲያበርድ ብሎ በብዛት መጠቀም አይገባም።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ጣዕሙን መተካትና ፖታሲየም መጨመር

ጨው ሲቀነስ የሚጎድለው ጣዕም በሌላ ካልተሞላ ቤተሰቡ ወደ ቀድሞው መመለሱ አይቀርም። የአካባቢው ማጀት ለዚህ የሚሆን ሀብት አለው፦ በደንብ የበሰለ ቁሌት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቃሪያና ሎሚ። በተለይ ሎሚና የእንጀራው እርሾ የሚሰጠው ኮምጣጣነት የጨውን ጉድለት በምላስ ላይ ይሸፍናል።

ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ኩላሊት ሶዲየምን በሽንት እንዲያስወጣ ስለሚያግዝና የደም ሥሮችን ስለሚያላላ፣ ጨው በተቀነሰበት ገበታ ላይ መኖሩ ጥቅሙን ያጎለብተዋል። የሚገኘውም በቅርብ ካሉት ምግቦች ነው፦ ከባቄላ፣ ከአተር፣ ከምስር፣ ከጎመን፣ ከድንች፣ ከቲማቲምና ከሙዝ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ፖታሲየም በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ የልብ ምቱን ሊያዛባበት ስለሚችል እነዚህን ምግቦች ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ሰባተኛ እርምጃ፦ የጨውን ዓይነት መምረጥ

በቀድሞ ዘመን ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ በአንኮበር ሥር በሚገኘው በአልዩ አምባ ገበያ ለምግብም ለገንዘብነትም ይውል ነበር፤ ዛሬ የአገሪቱ ጨው በብዛት የሚመረተው በዚያው በአፋር ከሚገኘው ከአፍዴራ ሐይቅ ነው። አሞሌም ሆነ ደቃቅ ጨው፣ የባሕር ጨውም ሆነ ሮዝ ቀለም ያለው ጨው፣ ዋና ይዘታቸው ያው ሶዲየም ክሎራይድ ስለሆነ በደም ግፊት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አይለያይም። ተፈጥሯዊ ነው ተብሎ በብዛት የሚበላ ጨው የለም።

የሚለያዩት በአዮዲን ነው። የደጋ አፈር በዝናብ እየታጠበ አዮዲኑን ስለሚያጣ፣ በእንዲህ ያለ አካባቢ የሚኖር ሰው ለእንቅርትና በእርግዝና ጊዜ ለጽንሱ የአእምሮ ዕድገት መጓደል ሊጋለጥ ይችላል። በዚህም ምክንያት ለሰው ምግብነት የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጥቷል። ስለሆነም መቀነስ ያለበት መጠኑ ነው፤ የሚበላው ጥቂት ጨው ግን አዮዲን ያለው ይሁን። አዮዲኑ በእርጥበት፣ በፀሐይና በእሳት አጠገብ ስለሚጠፋ ጨው በተከደነ ዕቃ ከምድጃ ርቆ ይቀመጣል፤ ይህም ጨው ወጡ ሊወጣ ሲል እንዲጨመር የሚመከርበት ሌላው ምክንያት ነው።

ከሶዲየሙ ከፊሉ በፖታሲየም የተተካበት ጨውም አለ። በቻይና የገጠር መንደሮች 21,000 ያህል ሰዎችን ለአምስት ዓመት ገደማ የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ሩብ ያህሉ ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነ ጨው የተጠቀሙት ስትሮክ ቀድሞ የነበረባቸው፣ ወይም ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈና ግፊት ያለባቸው ሰዎች ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድላቸው በ14 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። እነዚያ መንደሮች እንደ ሰሜን ሸዋ ገጠር ሁሉ ምግባቸውን በቤታቸው የሚያበስሉ ነበሩ። ይህ ጨው በተገኘ ጊዜ ግን የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ ፖታሲየምን በደም ውስጥ የሚያቆዩ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ ሊጠቀምበት አይገባም።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ድግስንና ጾምን አስቀድሞ ማሰብ

በቤቱ ጨው የቀነሰ ሰው በሰንበቴ፣ በማኅበር፣ በተስካርና በሠርግ ቤት ግን የሌላውን ሰው ወጥ ይበላል። ግብዣን አለመቀበል ሳያስፈልግ፣ እንጀራውን፣ ጎመኑን፣ ድንቹንና አይቡን አብዝቶ የወጡን መረቅ ማሳነስ፣ በዚያው ቀን በቤቱ የሚበላውንም ጨው የሌለው ማድረግ ይበቃል። ግፊት ያለባቸው ሰዎች በየእድሩና በየማኅበሩ ስለማይታጡ የድግስ ወጥ ጨው እንዲቀነስ በአባላቱ መስማማት ደግሞ ከአንድ ሰው ጥንቃቄ የበለጠ ይጠቅማል።

የጾም ምግብ ጥራጥሬና አትክልት የሚበዛበት በመሆኑ ለደም ግፊት ታማሚ የተመቸ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ሽሮው ጨዋማ ከሆነና ቅባቱን ለመተካት ጨው ከተጨመረ ጥቅሙ ይቀራል። በዓቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ለረጅም ሰዓት የማይበላ ሰው መድኃኒቱን በምን ሰዓት መውሰድ እንዳለበት ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከባለሙያ ጋር መነጋገር አለበት፤ መድኃኒቱን በራሱ ማቋረጥ ግን አይገባውም።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ ከመድኃኒቱ ጋር አስተባብሮ መከታተል

ጨው መቀነስ የታዘዘን መድኃኒት አይተካም፣ መድኃኒት መውሰድም ጨው ለመብላት ፈቃድ አይሆንም። እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያለው መድኃኒት የሚሠራው ሶዲየምን በሽንት በማስወጣት ስለሆነ፣ ጨው የሚያበዛ ሰው መድኃኒቱ ያስወጣውን በማዕድ መልሶ ያስገባል። እንደ ኢናላፕሪል ያሉትም ጨው በቀነሰ ሰው ላይ የበለጠ ይሠራሉ። በበቂ መጠን መድኃኒት እየወሰደ ግፊቱ ያልወረደለት ሰው፣ መድኃኒት ከማስጨመሩ በፊት የጨው ሂሳቡን እንደገና ቢመረምር አግባብ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ ግፊቱ በመጀመሪያው እርምጃ በተገለጸው መንገድ ተለክቶ ከመነሻው ጋር ይነጻጸራል፤ የጨው ፓኬቱ የቆየባቸው ቀናትም ከጎኑ ይጻፋሉ። የግፊቱ ልኬትና የቀኖቹ ቁጥር አብረው መነበብ አለባቸው፤ ጨው ሳይቀንስ ግፊቱ ቢወርድ የመድኃኒቱ ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ጨው ቀንሶ ግፊቱ ካልወረደ ደግሞ ሌላ ምክንያት መፈለግ ያስፈልጋል። ግፊቱ ወርዶ ብድግ ሲል ራሱን የሚያዞረው ሰው የመድኃኒቱ መጠን እንዲስተካከልለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሊዘነጉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች

ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው የደም ግፊት ታማሚ ጨው አለው ብሎ ኦ.አር.ኤስ. (በውሃ የሚበጠበጠውን የሕይወት አድን ዱቄት) መተው የለበትም፤ በዚያን ጊዜ ሰውነቱ ያጣውን ውሃና ሶዲየም መተካት ሕይወቱን ያድናል። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ በሐሩር ብዙ ላብ የሚያወጣና የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰውም የመድኃኒቱንና የጨውን መጠን ከባለሙያ ጋር መወሰን ይገባዋል። የላይኛው ቁጥር 180፣ ወይም የታችኛው 120 ደርሶ፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የእጅና የእግር መስነፍ፣ የንግግር መተሳሰር ወይም ድንገተኛ የዓይን መጨለም ከታየ፣ ጊዜ ሳይሰጥ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል፤ የስትሮክ ምልክቶቹ ግፊቱ ባይለካም፣ ዝቅተኛ ቢሆንም በራሳቸው አስቸኳይ ናቸው።

እነዚህን እርምጃዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ መጀመር ያልቻለ ቤተሰብ በሦስቱ ይጀምር፦ የጨው ፓኬቱ ላይ ቀን ይጻፍ፣ በጨው ዕቃው ውስጥ የሻይ ማንኪያ ያስቀምጥ፣ ቀጣዩን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ያስፈጭ። ሦስቱም ወጪ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ታማሚውና ምግቡን የምታዘጋጀው ሰው በአንድነት መስማማታቸውን ነው። ስለዚህ ታማሚው በሚቀጥለው የክትትል ቀጠሮው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ምግቡን የምትሠራለትን ሰው ይዞ ይሂድ፤ ምክሩን ሥራ ላይ የምታውለው እርሷ ናትና ከባለሙያው አፍ በቀጥታ ልትሰማው ይገባል።